ቤት ፍለጋና የመስጂድ ጥግ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ሁለት ወር ሙሉ ከደላላ ጋር ስዞር ነው የከረምኩት። መርካቶ፣ አንዋር መስጂድ አጠገብ የምንኖርባትን አንዲት ክፍል አከራያችን ለልጃቸው ስለፈለጓት ልቀቁ ተባልን። እዚያው ሰፈር ሌላ ክፍል ቢገኝም ኪራዩ የደመወዜን ግማሽ ይበላል። በዚያው ገንዘብ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ አለ። ባለቤቴ "ልጆቹ የሚተኙበት ይኑራቸው" ትላለች። እኔ ደግሞ "ከአንዋር ጥግ አልርቅም!" ብዬ ድርቅ አልኩ።

እሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ "ለመሆኑ እዚህ ስንኖር ሱብሂን ስንቴ በጀመዓ ሰገድክ?" አለችኝ። ምን ልመልስ? አዛኑ መስኮቴ ሥር ይሰማል፤ እኔ ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ እስባለሁ። ለጁምዓ እንኳ በሁለት ታክሲ የሚመጡ አዛውንት ከፊተኛው ሰፍ ተቀምጠው ነው የምደርሰው።

የበኒ ሰሊማ ሰዎች ቤታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሩቅ ነበር። በመስጂዱ ዙሪያ ቦታ ሲለቀቅ ሊጠጉ አሰቡ። መልእክተኛው ግን ባሉበት እንዲቆዩ፣ እርምጃቸውም እንደሚጻፍላቸው ነገሯቸው። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። መራቅ በራሱ ምንዳ አለው ማለቴ አይደለም፤ የሚጻፈው ለሚራመደው ነውና።

አንድ ወዳጄ ደግሞ "እዚያ ብሎክ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ልጆችህ ይጠፉብሃል" አለኝ። ስጋቱን አልናቅሁትም። ቁርኣን የሚያቀራ ኡስታዝ በእግር በሚደረስበት መኖሩን ሳላጣራ ቀብድ አልሰጠሁም። ነገር ግን በሱረቱ አን-ኒሳእ 36ኛው አያ አላህ (ሱ.ወ) እርሱን ከመገዛትና ለወላጆች በጎ ከመዋል ጋር ጎረቤትን ሲያነሳ የቅርቡንም የሩቁንም ነው። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ ታርዶ ሲያገኙ፣ አይሁዳዊው ጎረቤታቸው ደርሶት እንደሆነ ነው ደጋግመው የጠየቁት። እኔስ? እዚሁ መርካቶ፣ ከግድግዳችን ማዶ ያሉ እናት መታመማቸውን የሰማሁት ጀናዛቸው ሲወጣ ነው። እሳቸው ደግሞ ሙስሊም ነበሩ! አላህ ይማረኝ።

ማክሰኞ ቀብዱን ሰጠሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከበሩ እስከ መስጂዱ በእግሬ ሄጄ አየሁት፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ባለቤቴ የምትደወል ሰዓት ገዝታልኛለች።