ማን ከማን ጠፋ?

በእኛ አገር ሰው ሳይታይ ሰነባብቶ ብቅ ሲል «ጠፋህ!» ይባላል። ሰላምታ ይምሰል እንጂ ክስ ነው። ከሳሽ ሁልጊዜ በቦታው የነበረ፣ ተከሳሽ ያልነበረ ሆኖ ይቆጠራል። ማን ከማን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ የተባለውም ይኸው ነው፤ ጠፍቶ የነበረው ተመለሰ! ለመሆኑ ከወዴት?

ታሪኩን የምታውቁ ታገሡኝ። በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ የሚጫወተው እዚሁ ካዛንቺስ ጫፍ፣ ሂልተን ሆቴል ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ሲጠብቅ ታዳሚው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያመሽ ነበር፤ ባንዱም አብሮ። ሰሚና ተጫዋች ቢፈልጉ እንኳ መጠፋፋት የማይችሉበት ዘመን መሆኑ ነው። (መሳቅም ማዘንም ይቻላል።) በ1981 ባንዱ ለትርኢት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከፊሎቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻውን ይዞ፣ ድራሙን ለማሽን ትቶ አንድ ካሴት ቀዳ። ኋላም ዓመታቱ ነጎዱና ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆነ። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። «አገኘነው!» ተባለ።

ይሁንና ኃይሉ ኪቦርዱን በታክሲው ዕቃ መጫኛ ይዞ ይዞር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ያወጣውና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። እንግዲህ ይህ ሰው ሙዚቃን ትቶ ነበር ይባላል? የተቋረጠው መስማት እንጂ መጫወት አይደለም። ዝምታው የእኛ ነው።

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህን አይቀበልም። «ቡና ለአንድ ሰው አይፈላም። ሰሚ የሌለው ዜማም ጣት ማፍታታት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ይለኛል። ቀላል ክርክር አይደለም። የባንድ ሙዚቃ መጠራራት ነው፤ ቤዙ ይጠይቃል፣ ኪቦርዱ ይመልሳል፤ ታክሲ ውስጥ መላሽ የለም። እሺ፣ ግን ቡና አፍልቶ ጎረቤት የጠራ ሰው፣ ጎረቤቱ ቢቀርበት ቡናው አልፈላም ልንል ነው? ጀበና ጥዶ የሚጠብቅና ጀበናውን የሰበረ ሰውስ አንድ ናቸው? ኧረ አይደሉም!

እኔን ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰውየው ተመለሰ ብንል እንኳ ባንዱ አልተመለሰም። በ«ላላ በሉ» ላይ ድራምና ቤዝ የያዙት ቶኒ በክና ማይክ ማይኮውስኪ፣ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። ዋልያስ የሚለው ስም ቢለጠፍበት ገበያ ባላጣ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የወጣው ግን የራሱ የኃይሉ ስም ነው። አብረውት በሌሉ ሰዎች ስም አለመነገድ ለእኔ ከዜማው የማያንስ ቁም ነገር ነው። ያ የሂልተን ሌሊት የስድስት ሰባት ሰው ንብረት ነበር፤ አንዱ ብቻውን ተሸክሞት ሊመጣ አይችልም።

መመለስ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ሂልተን ቆሟል፤ ከጀርባው ያለው ሰፈር ግን አልቆመም። በ2024 ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ተዛውሯል። ነገ ከነዚያ ልጆች አንዱ ለንግሥ መጥቶ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቢያጋጥመን፣ አፋችን ላይ የሚመጣው ያው «የት ጠፋህ?» ነው። ምን ብሎ ይመልስልን?