አንቀጹን ይዘሽ ፎቁን ውጪ

ልጄ፣ በሕንፃ ግንባታ ሳይት ላይ የደኅንነት ኃላፊ ሆነሽ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። ደስ ያለኝ ሥራሽ የሰው ሕይወት ስለሚያተርፍ ነው። የሰጋሁት ደግሞ አዋጁን በቃልሽ ይዘሽ ሳይት ስትደርሺ የትኛው አንቀጽ የት ላይ እንደሚያርፍ ግራ እንዳይገባሽ ነው። በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሕጉ መኖሩን የካደ አሠሪ ብዙም አልገጠመኝም። የሚገጥመኝ «ይኼ እኛን አይመለከትም» የሚለው ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። ሠራተኛው ስለሚገጥመው አደጋ ይነገረው፣ መከላከያ ይሰጠው፣ አጠቃቀሙንም ይማር፣ የደረሰ ጉዳት ይመዝገብ፣ የሥራ ቦታው ራሱ ለጤናና ለደኅንነት የማያሰጋ ይሁን ይላል። ስለ አጣና መወጣጫና ስለ ሊፍት ጉድጓድ ግን ነጥሎ አይነግርሽም። ያው አዋጅ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም፣ ለአበባ እርሻውም፣ ለአንቺም ሳይት የወጣ ነውና ጥቅሉን ወደ ነጠላው ማውረድ ያንቺ ድርሻ ነው። ስታወርጂው አስቀድመሽ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ይህ ድንጋጌ የፈራው አደጋ ምንድን ነው? መልሱን ቢሮ ተቀምጠሽ አታገኚውም፤ ቦታው ድረስ ውጪና እይው።

የሊፍቱን ጉድጓድ እንውሰድ። ይሸፈን ተባለ፤ ፎርማኑ ኮምፔንሳቶ ጣል አደረገበት፤ ቅጹ ላይ «ተሸፍኗል» ተብሎ ተሞላ። ከቀናት በኋላ አንድ አናጺ ለሥራው ኮምፔንሳቶ ያጣና ያንን ያየዋል። ጫፍና ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደረቱ ያነሣዋል፤ ይዞት ለመሄድም አንድ እርምጃ ወደፊት ይራመዳል። ያነሣው ሰሌዳ ራሱ ዓይኑን ስለጋረደው ከእግሩ ሥር ያለውን ባዶ አያይም። በሕንፃ ሥራ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ሞት ያውቀዋል። ቅጹ አልዋሸም፤ ጉድጓዱ ተሸፍኖ ነበር። ደንቡ የፈራው ግን የሰው መውደቅን ነው፤ ተነቃናቂ ክዳን ደግሞ ከመውደቅ አያድንም። ስለዚህ ክዳኑ የሰው ክብደት የሚችል ይሁን፣ በሚስማር ይመታ፣ በቀይ ቀለም «ከሥሩ ጉድጓድ አለ» ይጻፍበት። ከተቻለ ዙሪያው ይታጠር። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያዝ አንቀጽ ካልተገኘ አንሠራም ለሚልሽ፣ የሥራ ቦታው የማያሰጋ ይሁን የሚለው ግዴታ ይበቃሻል።

ቀጥሎ የሚያከራክርሽ የራስ መከላከያ ቆቡ፣ ሄልሜቱ ነው። ሕጋችን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ግን አይጠየቅም። አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ከዚህ ይቆጠራል። ብዙ አሠሪ ወደዚህች ቀዳዳ ይሮጣል። በር ላይ «ያለ ሄልሜት መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቅልና ሠራተኛ ሲጎዳ ወደ ሰሌዳው ይጠቁማል። አንቺ ግን መጋዘኑን አስከፍቺ። ሠላሳ ሰው በሚሠራበት ሳይት አሥር ቆብ ብቻ ካለ ሰሌዳው መመሪያ ሊባል አይችልም። ሠራተኛው ማንበብ የሚችል ነው? በሚሰማው ቋንቋ ተነግሮታል? ፎርማኑስ ራሱ ያለ ቆብ ሲዞር እየዋለ ማንን ይቆጣል? እነዚህን ሳታጣሪ «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» በሚል ሪፖርት ላይ እንዳትፈርሚ። ያንቺ ፊርማ የአንድን ቤተሰብ ካሳ ሊያስቀር ይችላል።

የምሳ ሰዓትም አለልሽ። ባሬላ ሲሸከሙ ያረፈዱ ሴቶች ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምሳቸውን ሲበሉ ብሎኬት ከላይ ቢወድቅባቸው፣ «ሥራ ላይ አልነበሩም» የሚል አይጠፋም። አንቀጽ 97 ግን በሥራው ምክንያት በሥራ ቦታው ወይም በግቢው ሳለ፣ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ ወይም ሥራ ለጊዜው ሲቋረጥ የሚደርሰውን ጉዳት ያካትታል። አሠሪው ለሠራተኞቹ በመደበው ሰርቪስ ሲመጡ ወይም ሲመለሱ የሚደርሰውም እንደዚያው ነው። ይህን ማወቅሽ ከጉዳት በኋላ ለመሟገት ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ መመገቢያ የሚሆን ከግንቡ የራቀ መጠለያ ዛሬውኑ አሠሪ።

የቀን ሠራተኛውን የቅጥር ደብዳቤ የለውም ብለው ከመዝገብ ሊያወጡልሽ ቢሞክሩ እሺ አትበዪ። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ብቻ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም።

ቁፋሮ ላይ ደግሞ የትናንቱን ፍተሻ አትመኚ። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሰኞ ቀጥ ብሎ የቆመ የቦይ ግድግዳ ማክሰኞ ከዝናብ በኋላ ያው ግድግዳ አይደለም። ሌሊት ከዘነበ፣ ሰው ከመውረዱ በፊት አንቺ ድረሺ። የተቆፈረው አፈር አፋፉ ላይ ተከምሮ እንደሆነ አስነሺ፤ መውጫ መሰላል ከሌለ ማንም አይግባ። ፎርማኑ ስለ ሰዓት ይጮኻል፤ ይጩህ።

አንድ ቀን ፌራዮው «መወጣጫው ይወዛወዛል፤ አልወጣም» ሊል ይችላል። ፎርማኑ ሰነፍ ይለዋል። አገራችን በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ በበቂ ምክንያት ሕይወቱ ወይም ጤናው በቅርብና በከባድ አደጋ ላይ መሆኑን አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ቅጣት እንዳይደርስበት ይከላከልለታል። አዋጃችንም አሠሪው አደጋው ተነግሮት በጊዜው ካላስተካከለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ሰውየውን ከመገሠጽሽ በፊት መወጣጫው ሥር ሂጂ። አጣናው መሬት ላይ እንዴት እንደቆመ፣ ከግንቡ ጋር በምን እንደታሰረ፣ ጣውላው ጫፉ ላይ ተደግፎ እንደሆነ ተመልከቺ፤ በእጅሽም ነቅንቂው። የሚነቃነቅ ከሆነ ሥራውን አስቁሚ። ሰዓቱን፣ ያየሽውንና ያዘዝሽውን መዝገቡ ላይ ጽፈሽ ፎርማኑን አስፈርሚው። አልፈርምም ካለ አለመፈረሙንም ጻፊና ቅጂውን ለሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን አድርሺ።