የአረም ኃጢአት

እምቦጭ አበባው ያምራል። ከደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ተነሥቶ ሞቃታማውን ዓለም ያዳረሰውም በአመዛኙ በዚሁ ውበቱ ነው፤ ሐምራዊ አበባውን የወደዱ ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ይሆናል እያሉ ከአገር አገር ወሰዱት። በኢትዮጵያ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ጣናን መውረሩ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የጣና ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን የሚያሳልፍበት ውኃ ሲያጣ ጣቱን የሚቀስርበት ክፉ ሰው አያገኝም፤ ተክሉን ከአህጉር አህጉር ያሻገሩት አበባ ወዳዶች ናቸውና። የአውሮፓ ኅብረት ወራሪ ዝርያዎችን በሚመለከተው 1143/2014 በተባለው ደንቡ መሠረት በ2016 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር እምቦጭን ከ37 ዝርያዎች አንዱ አድርጎ መዘገበው። በዚህም ምክንያት የሮም ወይም የፓሪስ ነዋሪ በገዛ ጓሮው ኩሬ እምቦጭ ማሳደግ፣ መሸጥ፣ ለጎረቤት ማካፈልም ተከልክሏል። ክፋት ያላሰበን ሰው አጥሩን አልፎ ገብቶ «ንቀል» የሚል ሕግ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል?

ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳ አሮጌ ምክንያት አለ። ኦሪት ዘፀአት ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ ባለቤቱን በሁለት ዓይነት ያየዋል። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ነገር ግን ያ በሬ ከቀድሞም ተዋጊ እንደነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት ካልጠበቀው፣ ዕዳው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። በሬው ያው በሬ ነው፤ የተለወጠው የሰውየው እውቀት ነው። ዝቅ ብሎ እዚያው መጽሐፍ ላይ እሳት እሾህ ይዞ የሰው እህል ቢያቃጥል እሳቱን ያነደደው እንዲከፍል ታዟል፤ «ሆን ብለህ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እዚያ የለም። የወራሪ አረም ዝርዝርም በእኔ እይታ ለአትክልተኛው የሚነገር እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ትናንት እምቦጭ በኩሬው ያኖረ ሰው በደለኛ አልነበረም፤ ዛሬ ከተነገረው በኋላ የሚያኖረው ግን በሬውን እያወቀ የለቀቀ ነው።

«ግቢዬ ነው፤ ተክሉም ለዓመታት ማንንም አልነካም» የሚል መልስ ይጠበቃል። አጥር የሚያግደው ሰውንና ከብትን ነው፤ ወፍ የበላችውን ፍሬ፣ ጎርፍ የወሰደውን ቁራጭ ሥር አያግድም። ባለ ግቢው ጉዳት አላየሁም ሲል እውነቱን ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው እሱ በማይደርስበት ወንዝ ዳር ነውና። ይሁን እንጂ የበሬው ሕግ መንግሥትንም ያስገድዳል። ሳይነገረው የተቀጣ ሰው ተበድሏል። አዋጁ በማያነበው ቋንቋ ታትሞ፣ ችግኝ ሻጩም ዝም ብሎ ሸጦለት፣ መጨረሻ ላይ ቅጣቱ ብቻ በአማርኛ ቢደርሰው እኔ ከአትክልተኛው ጎን ነኝ።

ሌላው ተቃውሞ ጠለቅ ያለ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ከሆነ፣ ጌታም በምሳሌው እንክርዳዱ እስከ መከር ከስንዴው ጋር ይደግ ብሎ ከተወ፣ የሰው ልጅ ፍጥረትን «አረም» ብሎ የሚነቅለው በምን ሥልጣን ነው? ምሳሌውን ጌታ ራሱ ሲፈታው እርሻው ዓለም፣ ዘሮቹም ሰዎች ናቸው፤ ስለ ሰው የተነገረውን ወደ ጓሮ ማውረድ አይገባም። አማርኛችን «ማረም» በሚል አንድ ቃል ቡቃያን ከእንክርዳድ ማጽዳትንም፣ ስሕተትን ማቃናትንም ይጠራል፤ ወህኒ ቤትንም ማረሚያ ያልነው ከዚሁ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሰው ሲታረም ይመለሳል፤ ስለዚህም ይታገሡታል። እምቦጭ ንስሐ አይገባም። ክፉ ስለሆነም አይደለም የሚነቀለው፤ አማዞን ውስጥ የሚበሉት ነፍሳትና የሚገድቡት ጠላቶች አሉት፣ እዚያ ቦታውን ያውቃል። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ነበር፤ አበባ መትከል የመጀመሪያው ግዴታ ከሆነ፣ ያው አበባ ሌላውን እንዳያፍን መከልከል ሁለተኛው ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ በቃሉ ላይ ያለው ነው። በአማርኛ «መጤ ወራሪ አረም» እንላለን፤ ብዙ ጊዜም አሳጥረን «መጤ አረም» ብቻ። «መጤ» በሰው ላይ ሲወረወር ምን ያህል እንደሚያቆስል ደግሞ የማያውቅ የለም። መጤነት ጥፋት ከሆነ ማዕዳችን ባዶ ይቀራል፤ በርበሬው፣ ድንቹ፣ በቆሎው፣ የትግራዩ በለስ ሁሉም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍማ መጤነቱን በስሙ ተሸክሞ ይኖራል። በአንጻሩ የትውልድ ቦታ ጨርሶ አይጠየቅ ማለትም አይቻልም፤ ከአገሩ የወጣ ተክል የሚገድቡትን ጠላቶች ኋላው ትቶ ስለሚመጣ ጥርጣሬው መሠረት አለው። የአሜሪካው ዋሽንግተን ግዛት ሕግም «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እንደማለት አረሞችን በሦስት መደብ ሲከፍል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መደቦች ሲተረጉም የግዛቱ ተወላጅ አለመሆንን ያነሣል። ግን በዚያ አያበቃም፤ ከባድ ስጋት መሆንንም ይጨምራል። የአውሮፓውም ደንብ ባዕድ ዝርያን ከወራሪ ባዕድ ዝርያ ለይቶ፣ ጉዳቱ ሳይመዘን በዝርዝር እንዳይገባ ያዛል። ስለዚህ «መጤ» የምትለዋን ብንተዋት ሕጉ ምንም አይጎድልበትም፤ «ወራሪ» ሥራውን ትናገራለች።

በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲያትል ይህ ልዩነት በአንድ ጓሮ ውስጥ ይታያል። ከካውካሰስ ለግርማው ሲባል የመጣው፣ ፈሳሹ የነካውን ቆዳ በፀሐይ የሚያቃጥለው ጃይንት ሆግዊድ የተባለ ተክል በግዛቱ የመጀመሪያ መደብ ስለተመዘገበ በግቢዋ የበቀለባት ሴት የማጥፋት ግዴታ አለባት። አጠገቡ የዘራችው በርበሬም ከሩቅ የመጣ ነው፤ እሱን ግን የሚጠይቀው የለም።