የጥርጣሬ አድራሻ

ሶቅራጥስ በፕላቶ ድርሰት «ሜኖ» ውስጥ ወደ ላሪሳ ከተማ ስለሚወስደው መንገድ ያነሳል። አንዱ ሰው ሄዶበት ያውቀዋል። ሌላው በእግሩ ረግጦት አያውቅም፤ ግምቱ ግን ትክክል ነው። መንገድ ምሩን ብንላቸው ሁለቱም ያደርሱናል። ታዲያ የሄደው ካልሄደው በምን ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይ «ኢትሪያን ኦዲሲ»ን ስጫወት እረፍት ነሳኝ። የጃፓኑ አትለስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጌም ነው። ተጫዋቹ አምስት ሰው አደራጅቶ ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ወደተዘረጋ ውስብስብ ጫካ ይወርዳል። የላይኛው ስክሪን ከፊት ያለውን ብቻ ያሳያል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ዘጠና ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። የታችኛው ባዶ ባለካሬ ወረቀት ነው። ግድግዳውን ማስመር፣ የበርና የደረጃ ምልክት ማስቀመጥ የተጫዋቹ ሥራ ነው፤ በመሣሪያው ትንሽ እስክሪብቶ፣ ካሬ በካሬ።

እ.ኤ.አ. በ1981 «ዊዛርድሪ» የተባለው ጌም ሲወጣ ይህ ካርታ የመሣል ሥራ በእርሳስና በወረቀት ይሠራ ነበር። ኋላ ብዙ ጌሞች ካርታውን ራሳቸው ይሥሉ ጀመር፤ ተጫዋቹም አረፈ። አትለስ ድካሙን የመለሰው ለትዝታ ብቻ ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

ጌሙ የተሳሳተ መስመር አያርምም። ግድግዳን አንድ ካሬ አልፎ ያሰመረ ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው ኤፍ.ኦ.ኢ. የሚባሉት ኃይለኛ አውሬዎች ሲከተሉት ነው። እሱ አንድ እርምጃ ሲሄድ እነሱም አንድ ይሄዳሉ። ካርታው ላይ መውጫ ያለው ቦታ ሲደርስ ግድግዳ ይጠብቀዋል። ጀማሪ ቡድን ከሆነ ያን ጊዜ አለቀለት።

ያለቀለትን ካርታ ከኢንተርኔት መገልበጥም ይቻላል። መስመሩ ያው፣ ደረጃውም ያው። መድረስ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ የሌላ ሰው እውነት ይበቃል፤ ሶቅራጥስም ይህን አልካደም። ትክክለኛ ግምት ግን ካላሰሩት እንደሚሸሹት የግሪክ አፈ ታሪኩ ጥበበኛ የዳይዳሎስ ሐውልቶች ነው ይላል፤ ማሰሪያው ምክንያቱን ማወቅ ነው።

እኔ ግን ከማሰሪያው አንድ እልፍ እላለሁ። ካርታዬ ከቦታው ጋር አልገጥም ሲል የትኛውን መስመር እንደምጠረጥር አውቃለሁ። ያቺን ጥግ አውሬ እየሸሸሁ በጥድፊያ ነው ያሰመርኳት፤ ይህኛውን ግድግዳ ግን ሁለቴ ዞሬ አይቼዋለሁ። የገለበጠው ሰው ይህ የለውም። ለእሱ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ወይ ሁሉንም ያምናል፣ ወይ አንዱ ሲዋሽ ሁሉንም ይጥላል። የላሪሳው መንገደኛ የሚበልጠውም በዚህ ይመስለኛል። ድልድዩ ፈርሶ ቢያገኘው፣ ከሚያውቀው ውስጥ የቱ እንደጸና የቱ እንደተናጋ መለየት ይችላል።

ሁሉን በራሳችን እንሥል ማለቴ አይደለም። በሽተኛ ይዞ ወደ ሆስፒታል ለሚሮጥ ሰው የስልኩ ካርታ ይበቃዋል፤ ፍልስፍናው ይቆየው።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ለስዊችና ለኮምፒውተር ታድሶ ወጥቷል። የከተማው የመጀመሪያ ትእዛዝ ከአንደኛው ወለል ከፊሉን በካርታ ሥላችሁ አምጡ የሚል ነው። እሱን እንኳ ከማንም አትገልብጡ።