አይቆጡም ጌታ

«በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ከሜዳ የተገኘ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ይውላሉ። የገና ጨዋታ ደግሞ፣ በላስታም ሆነ በሌላው ደጋ፣ የእረኛውና የጎረምሳው ድርሻ ነው። ሁለት ቡድን ሆነው ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ኳሷን፣ እሩሯን፣ ይለጋሉ። የሜዳው ወሰን ልቅ፣ ሕጉም ጥቂት ስለሆነ ዱላ እሩሯን ስቶ የሰው ቅልጥም ላይ ያርፋል። ቅልጥሙ የጌታው፣ ዱላው የሎሌው የሆነ ዕለት ነገር ይመጣል፤ አባባሉ የተሰናዳው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ብዙ ጊዜ «በጨዋታ ሁሉም እኩል ነው» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ግማሹ ነው። ጌታ የማይቆጣ ቢሆን ኖሮ አይቆጡም ማለት ባላስፈለገ ነበር። ክልከላውም በአንቱታ ነው፤ ቁጣውን ያቆየዋል እንጂ ማዕረጉን አይገፍም። ቀጠሮውም ከጨዋታው አያልፍም።

ይህን ለመፈተን ከአበበ ቢቂላ የተሻለ ሰው አይገኝም። ሰሜን ሸዋ ጃቶ ተወልዶ በልጅነቱ ገና ሲጫወት አደገ፤ በኋላም ክቡር ዘበኛ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ኦሊምፒክ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸልመው ማዕረግ ጨመሩለት። ሦስት ወር እንዳለፈ፣ በታኅሣሥ 1953፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ አበበም እንደ ጓዶቹ ተይዞ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ፤ ከዚያ ተለቀቀ። ወሩ የገና ወር ነበር፤ ጨዋታው ግን ሌላ ነው፤ ከሜዳ ውጭ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑም የዘበኛው ወታደር ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በ2:12:11 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ዳግም አሸነፈ። ሌሎቹ እስኪደርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ እሱም ወታደር ነው፤ ሁለተኛነቱን የተነጠቀው ስታዲየሙ ውስጥ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት ነበር። ለሜክሲኮ ሲዘጋጅ የጦር አለቃው ጋብቻውን ከኦሊምፒኩ በፊት እንዳልፈቀደለት ይነገራል። ጉዳትም ተደራረበበት፤ በ1960 ዓ.ም. ራሱን አጠፋ። እዚህ ላይ ጌታው መቆጣት እንኳ አላስፈለገውም፤ ከሜዳው አለመውጣቱ ይበቃ ነበር።

አባባሉ ያልጠበቀው ነገር ግን ሜክሲኮ ላይ፣ በ1961 ዓ.ም. ታየ። አበበ እግሩ ታሞ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። አብሮት ይሮጥ የነበረው ማሞ ወልዴ በዚያው ውድድር ለሮጠው አሜሪካዊ ጸሐፊ ለኬኒ ሙር እንዳወጋው፣ ሁለቱ የክቡር ዘበኛ ሰዎች እየሮጡም በማዕረግ ይጠራሩ ነበር። አበበ እንደማይጨርስ ነግሮት እንዲያሸንፍ አዘዘው፤ ማሞም እንደ ወታደር ትእዛዙን ተቀበለ። ማዕረግ በጨዋታ መሐል አልቀረም። እንዲያውም የበላዩ ድሉን ለበታቹ ያስረከበው በዚያው በማዕረጉ ነው፤ አይቆጡም ከማለት የሚበልጥ ነገር ነው። ማሞ በ2:20:26 ቀዳሚ ሆኖ ገባ።

የማሞ ፈተና ግን ከሜዳ ውጭ፣ ዘግይቶ መጣ። ሥርዓት ተለውጦ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በደርጉ ዘመን ተፈጸመ በተባለ ግድያ ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። ክሱን አልተቀበለም። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ሲፈረድበት ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት አረፈ።