ለባሕር የተሰጠ እብነ በረድ

በጣሊያን የባሕር ዳርቻ፣ በታላሞኔ፣ ፓኦሎ ፋንቹሊ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አለ። በሌሊት የሚመጡ ሕገ ወጥ ጀልባዎች ከባድ መረባቸውን በባሕሩ ወለል ላይ እየጎተቱ፣ ዓሣ የሚራባበትን ሣር ከሥሩ ይነቅሉበት ነበር። እርሱም ከካራራ የድንጋይ ማውጫ ሁለት እብነ በረድ ለመነ፤ መቶ ተሰጠው። ከእነዚህም ቀራፂዎች ሐውልት አወጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወደ ባሕሩ ወረዱ። መረብ የጣለ ሁሉ ድንጋዩ ይዞ ይቀድበታል።

ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። መረብ ለመያዝ ተራ ድንጋይ አይበቃም ነበርን? ማይክል አንጄሎ የጠረበውን ዓይነት እብነ በረድ፣ ከጥቂት ጠላቂዎች በቀር ሰው ለማያየው፣ አልጌም ለሚያለብሰው ስፍራ መስጠት ብክነት አይደለምን?

እኔ ብክነት አልለውም። ተራ ድንጋይ የጣልንበትን ስፍራ በማግስቱ እንረሳዋለን። ምርጣችንን ያኖርንበትን ግን ሲጠፋ ዝም ብለን ማየት አይሆንልንም። ሐውልቱ መረቡን ይይዛል፤ የሰጪውንም ልብ እዚያው ይይዛል።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ማንም በማያየን ስፍራ የምንሰጠው ምርጣችንን ነው ወይስ ትርፋችንን?