ግድግዳው የማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጥቁር ነጥብ ነው። ሃያ ሁለት፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ ሦስት ሆነን በተከራየነው ክፍል፣ ከጎረቤት በሚያዋስነን ግድግዳ ላይ ባለፈው ክረምት ሻጋታ ወጣ። በሐምሌ ነጥብ የነበረው በነሐሴ የእንጀራ ምጣድ አከለ። መጻሕፍቱ ሸተቱ፤ አስም ያለበት ጓደኛችን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደር ጀመረ።

እኛም መፍትሔውን በየራሳችን በኩል ብቻ ፈለግን። በበረኪና አሸነው፤ ቀለም ቀባነው፤ አልጋውን ከግድግዳው አራቅነው። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ አለን። ከዚያ ቀለሙ እንደ ቡግንጅ አብጦ ተላጠና ጥቁሩ ከሥሩ ብቅ አለ።

ለምን? የሻጋታ ዘር በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ፤ እርጥበት ካላገኘ ግን አይበቅልም። ስለዚህ የሻጋታ ጥያቄ የውሃ ጥያቄ ነው። በከተማችን ፎቆች ቤትን ከቤት የሚለየው ግድግዳ ባብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው፤ ልስኑም ውሃ ይመጥጣል። ወዲያ የፈሰሰው ወዲህ ይወጣል። በረኪና የግድግዳውን ፊት ያጥባል እንጂ ሆዱን አያደርቅም።

ታዲያ ምንጩ ወዲያ ነው ማለት ጥፋተኛውም ወዲያ ነው ማለት ነው? እኛ እንደዚያ ነበር ያሰብነው። ከመካከላችን ሕግ የሚያጠናው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አወጣ፤ ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ የሚከለክለውን። አንቀጹን ይዘን፣ ቁጣችንን አስቀድመን፣ በሩን አንኳኳን።

የከፈቱልን አንዲት እናት ናቸው። «ግቡ ልጆቼ፣ እኔም ልመጣ እያልኩ ነበር» አሉን። ገብተን ብናይ የኛ ምጣድ ቢያክል የሳቸው ሙሉ ግድግዳ ኖሯል! በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። እሳቸውም እንደኛ ተከራይ ናቸው፤ አከራያቸው ውጭ አገር ነው፤ ግድግዳ ለማስፈረስ ፈቃድ የላቸውም፤ አጥብቀው ቢናገሩ «ካልተመቸሽ ልቀቂ» መባልን ይፈራሉ። ልጆቻቸው እንዳይነኩት ብለው ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍነውታል።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። እሳቸው በወዲያ ላስቲክ ለጥፈው፣ እኛ በወዲህ ቀለም ቀብተን፣ ውሃውን መካከላችን አሽገነዋል። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ስንጠብቅ መድረቂያውን ዘጋንበት። የያዝነው አንቀጽም ለባለሀብት የተጻፈ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድም ባለሀብት አልነበረም።

«ቀለም ቅቡት» የሚለው መልስ የትም አለ። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። በ2022 የአሟሟቱ ምርመራ መንስኤው በቤቱ ውስጥ ለነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ መጋለጡ መሆኑን አረጋገጠ። አባቱ ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ አቤት ሲል ቀለም ቀባበት ነበር የተባለው። ቀለም እንግዲህ ነገሩ ለማይመለከተው ሰው የተመቸ መልስ ነው፤ ለዓይን ይበቃል፤ ለሳንባ ግን አይበቃም።

«ቤት ብትለውጡስ?» ያሉን ወዳጆች አሉ። አስበነዋል፤ አልዋሽም አንልም። ብንለቅ ግን ግድግዳው ትኩስ ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ተማሪ ይከራያል፤ እኛም እያወቅን ዝም ያልን እንሆናለን። የኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ጉዳት ያደረሰው ሰው በአጠገብ በሌለበት ጊዜ ኀላፊነቱ የማን ነው? የጥፋተኛው ብቻ ነው ካልን ሁላችንም ጥፋተኛውን ስንፈልግ ውሃው ይፈሳል። እኛ የምንለው፣ ያወቀና እጁ የደረሰ ሰው ጥፋቱ ባይሆንም ሥራው ነው።

ስለዚህ እሳቸው ላስቲካቸውን ቀደዱ፤ እኛ ቀለማችንን ፋቅን። የሳቸው ቧንቧ ከቆጣሪው ተዘጋ፤ ውሃ ከኛ ይቀዳሉ። መጀመሪያ ሲያፍሩ «የለም እትዬ፣ ይኸ እኮ ለኛም ነው» አልናቸው፤ እውነትም ነበር። ለሁለቱም አከራዮች አንድ ደብዳቤ ጽፈን አብረን ፈረምን። መልስ እስካሁን አልመጣም። ባልዲ ይዘው ሲመጡ ንጋት ላይ እንቅልፍ ያጣንበት ቀን አለ፤ አጉረምርመናል። ግድግዳው ግን ከሁለቱም በኩል እየነጣ ነው፤ ጓደኛችንም ተኝቶ ያድራል።

እናንተስ፣ ከግድግዳችሁ ወዲያ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ?